ጨረቃ ኮከብ የሸፈነችበት ሐሙስ

የምጽፈው ስለ ሰማይ ስለሆነ፣ ስለ ሰማይ ለመናገር ምን ሥልጣን እንዳለኝ አስቀድሜ ላስታውቅ። ጣሊያን ደብረ ታቦር ገብቶ ምሽግ ሲሠራ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ብራና መፋቅ ነበር። የፍየሉን ቆዳ ነክሬ፣ ወጥሬ፣ ፍቄ ሳስረክብ ጸሐፊዎቹ በጣታቸው ዳበስ አድርገው ብቻ የማን እጅ እንደሆነ ያውቁ ነበር። ከደራ እስከ ጋይንት የእኔ ብራና ያልገባበት ደብር ጥቂት ነው። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ያዩት ሁሉ የሚመሰክሩት ነው።

ከዚያ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። በዓላትና አጽዋማት በየትኛው ቀን እንደሚውሉ የሚታወቅበትን የዘመን ቁጥር ማንም አላስተማረኝም። አንድ ጸሐፊ በእኔ ብራና ላይ ሲገለብጠው አጠገቡ ተቀምጬ በዓይኔ ቀዳሁት፤ በሁለት ክረምት ጨረስኩት። ሌላው ከመምህሩ እግር ሥር ስድስትና ሰባት ዓመት የሚቀመጥበትን ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ካህናቱ የጾም መግቢያ ሲቆጥሩ ከተሳሳቱ ከበር ሆኜ አርማቸው ነበር። አልወደዱልኝም፤ እኔም እንዲወዱልኝ አልጠበቅኩም።

መጽሐፉ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ጨረቃ ስንት ቀን እንደሆናት ይናገራል እንጂ ከየትኛዋ ኮከብ አጠገብ እንደምታመሽ አይናገርም። ያን ያገኘሁት ራሴ ነኝ። ብራና ላይ መስመር ከመሰመሩ በፊት ዳርና ዳሩ በወስፌ እኩል እኩል ይወጋል። እኔም አንዲት ቀጭን ቁራጭ ብራና እንደዚያው ወግቼ፣ ክንዴን ዘርግቼ ወደ ሰማይ እይዛት ነበር። በጨረቃና በኮከቧ መካከል ስንት ቀዳዳ እንዳለ እቆጥርና ከቤቴ ምሰሶ ላይ በከሰል እጽፋለሁ። ሰዓት አልነበረኝም። ዳዊትን በቃሌ ስለማውቀው ጊዜን የምለካው በመዝሙር ነበር፤ አሥሩን መዝሙር አንድ ንጉሥ እንለዋለን። ጨረቃ የገዛ ወርዷን ያህል ለመሄድ ሦስት ንጉሥ ይፈጅባታል። ይህንንም ማንም አልነገረኝም።

እንዲህ ዓመት ሙሉ ስለካ ሁለት ነገር ተረዳሁ። አንደኛው፣ ጨረቃ ወደዚያችው ኮከብ በየሃያ ሰባት ቀን ከሲሶ ትመለሳለች፤ ሲሶው ስላለ አንዱን ጊዜ በማታ፣ ሌላውን ጊዜ በጠራራ ፀሐይ ይሆንና አይታይም። በሦስተኛው መመለሷ ግን ሲሶዎቹ ተደምረው ቀን ይሞላሉ፤ ያን ጊዜ ከቀድሞው ሰዓት ጥቂት ብቻ ቀድማ ትመጣለች። ሁለተኛው፣ በደቡብ በኩል የምትታየውን አንዲት ነጭ ኮከብ ጨረቃ በመጣች ቁጥር ይበልጥ እየተጠጋቻት ነበር። አራት ቀዳዳ የነበረው ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አንድ ሆነ። ከምሰሶዬ ፊት ቆሜ ቁጥሮቹን ሳይ ቀጣዩ ምን እንደሚሆን ገባኝ። ጨረቃ በኮከቧ ላይ ልትሄድባት ነው።

የካቲት ሲያልቅ አየሁት። ጨረቃ ከሞላች ሦስት ቀን ሆኗት ነበር፤ ከጉና ትከሻ ብቅ ስትል ነጯ ኮከብ የለችም። ከጓሮ ካቡ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ሳልነቅል አንድ ንጉሥ ደገምኩ። ሁለተኛውን ስጀምር ምንም ከሌለበት ቦታ ኮከቧ ዘለለች። ቀስ ብላ አልወጣችም፤ አልነበረችም፣ ነበረች። ክብሪት እንኳ ሲጫር ትንሽ ይንፈራገጣል። ይህች ግን በአንዴ ሙሉ ሆና ተገኘች። ከካቡ ወርጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ ሆኜ የተሰማኝን ዛሬም በደንብ መናገር አልችልም። ፍርሃት ነበር፤ ደስታም ነበር። በእጄ ፍየል የምፍቅ ሰው፣ ከሰል ይዤ ምሰሶ የምሞነጫጭር ሰው፣ ይህ እንደሚሆን አስቀድሜ አውቄ ነበር።

ወዲያው ቀኑን ቆጠርኩ። ሦስት ዙር፣ ሰማንያ ሁለት ቀን። በግንቦት መጨረሻ ሐሙስ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም፣ ጨረቃ ይችኑ ኮከብ ዳግመኛ ትሸፍናለች። ልትሞላ ሦስት ቀን ሲቀራት ነው።

ነገሩ በዚሁ ቢቀር ኖሮ ለራሴ ብቻ የማወራው ጨዋታ ይሆን ነበር። ግንቦት በባተ በሁለተኛው ሳምንት ግን የታላቅ እህቴን ባል ጣሊያኖች ያዙት። ጥፋቱ ታናሽ ወንድሙ ጠመንጃ ይዞ ጫካ መግባቱ ነው። ምሽጉ ውስጥ ካጎሯቸው እስረኞች ጋር ቀን ቀን ድንጋይ ያስፈልጡት ጀመር። እህቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ምግብ ታደርስለታለች፤ ዘበኛው እንጀራውን በሳንጃ ወግቶ ያሳልፍላታል። አንድ ቀን ፊቷ አመድ መስሎ መጣች።

«ቅዳሜ ካሚዮን ይመጣል አሉ» አለች። «ዘመዱ የሸፈተበትን ሁሉ ጭነው ሊወስዱ ነው። ባለፈው የወሰዷቸው የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም።»

የእናታችን ወንድም፣ ሐሙሲት ገበያ ጨው የሚነግደው አጎታችን፣ እቤቴ ነበር። በቅሎውንና ሁለት የበሬ ጠፍር ይዞ እንደሚረዳ ተናገረ። የምሽጉ የኋላ ግንብ ሁለት የሰው ቁመት ያህል ነው፤ ከግንቡ ወዲህ የጥድ ዛፎች አሉ። እስረኞቹ እስከ ሦስት ሰዓት፣ የመኝታው ጥሩምባ እስኪነፋ፣ በግቢው ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ፤ ለሽንትም ወደ ኋላው ግንብ ይሄዳሉ። ዘበኛው ግንቡን እየዞረ ይጠብቃል። አንድ ዙር ሲሄድ አንድ መዝሙር ይደገማል፤ ቆጥሬዋለሁ።

«ጠፍሩን ወርውረን ማውጣቱ ቀላል ነው» አለ አጎቴ። «ክፋቱ እሱ መቼ እንደምንወረውር አያውቅም፤ እኛም እሱ መቼ ግንቡ ሥር እንደሚቆም አናውቅም። እዚያ ተገትሮ ቢጠብቅ ያዩታል። ጠፍራችን ተንጠልጥሎ ቢቆይ እኛን ያዩናል። እንዳናፏጭ ይሰማል፣ እሳት እንዳናሳይ ይታያል።»

እኔ ምሰሶዬን አየሁ።

«ከግንቡ ውስጥም ከግንቡ ውጭም የሚታይ አንድ ምልክት አለ» አልኩ። «ሐሙስ ማታ ጨረቃ ኮከብ ትሸፍናለች። ኮከቧ ስትጠፋ እሱም ይሂድ፣ እኛም እንወርውር።»

አጎቴ ሳቁን ለመያዝ እንኳ አልሞከረም። «አንተ ብራና ፋቂ! ጨረቃ ያንተ ሎሌ ናት? በቀጠርካት ቀን ትመጣለች?»

«ትመጣለች፣ አጎቴ።»

«ባትመጣስ?»

«ባትመጣ እኔን ግንቡ ላይ ይወርውሩኝ።»

«አንተን ማን ይሸከማል፤ በሽምብራ ቂጣ የወፈርክ!» አለና ወደ እህቴ ዞረ። «አንቺ ምን ትያለሽ? ባልሽ ነው።»

እህቴ እጇን ከሆዷ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። «ወንድምዓለም፣ ዘንድሮ ጾሙ መቼ እንደሚገባ ካህናቱ አንድ ሲሉ አንተ ሌላ አልክ» አለች። «ያንተው ሆነ። እኔ አምንሃለሁ። ብትሳሳት ግን ልጄን ያለ አባት የማሳድገው አንተ ፊት ነው።»

መልእክቱን ያደረሰችው በዘዴ ነው። ዘበኛው አማርኛ ያውቃል፤ ማንሾካሾክም ክልክል ነው። ስለዚህ በነጋታው ከበሩ ቆማ ጮክ ብላ ሕልም ተናገረች። እኔ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ እሰማ ነበር።

«ስማኝ አንተ! ክፉ ሕልም አይቼ አደርኩ። ሐሙስ ማታ ነው። ጨረቃ አለች፤ በስተግራዋ አንዲት ነጭ ኮከብ ብቻ። እያየሃት ኮከቧ ጠፋች። ልክ ስትጠፋ ከኋላው ግንብ ሥር፣ ከጥዱ ትይዩ ሄደህ ቆምክ። የሞተው አባትህ እጁን ከላይ ዘርግቶ ያዘህ!»

ዘበኛው ሳቀ። «ሴትዮ፣ ይሄማ ሊሞት ነው! ለነፍስ አባትሽ ንገሪ።»

«አንተን ማን ፍታልኝ አለህ? ለባሌ ነው የነገርኩት!»

«ሞት ሲጠራው እኔ ልደብቀው ነው? በይ ሂጂ።»

የእህቴ ባል እንጀራውን ተቀብሎ ጎንበስ እንዳለ ሄደ። ገብቶት ይሁን አይሁን ማናችንም አላወቅንም።

ሐሙስ መጣ። ቀኑን ሙሉ በጉና በኩል ደመና ሲከመር ዋለ፤ ግንቦት ሲያልቅ ሰማዩ የሚታመን አይደለም። አመሻሹ ላይ ነፋስ ተነሥቶ ጠራረገው። በእህቴ ላይ ምንም እንዳይመጣ ከቀትር በኋላ ወደ ገሳይ፣ ወደ አክስታችን ቤት ልከናታል። እኔና አጎቴ ከጥዶቹ ሥር በደረታችን ተኛን። በቅሎዋ ከጀርባችን ካለው ሸለቆ ታስራለች። ጨረቃ ከፍ ብላ ወጥታ ነበር፤ ከግራዋም ነጯ ኮከብ። በዚያን ዕለት ያየኋት ቅርበት! ብራናዬን ሳነሣ ከሁለቱ መካከል አንዲት ቀዳዳ እንኳ ሙሉ አልገባችም።

አጎቴ ለረጅም ጊዜ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እውነትም ወደሷ እየሄደች ነው» አለ። ከዚያ በኋላ አላፌዘብኝም።

የሠራሁት ሒሳብ የሚታየው የጨረቃ ዳር ኮከቧን የሚነካበት ጊዜ ነበር። ከመንካቷ በፊት ገና ሦስት አራት መዝሙር ይቀራታል ብዬ ልቤን አሳርፌ መድገሜን ቀጠልኩ። ከብርሃኑ ዳር እስከ ኮከቧ ክፍት ሰማይ ይታየኝ ነበር። ዘበኛው በግንቡ ላይ አልፎ ሄደ። እያየሁ፣ ጨረቃ ሳትነካት፣ ኮከቧ ጠፋች።

«ኮከብህ ሞተች» አለ አጎቴ።

«ደመና ነው።»

«የምን ደመና? ሰማዩ እንደ መስተዋት ነው።»

ዓይኔን አሸሁ። ብራናዬን አነሣሁ፣ አወረድኩ። በጨረቃና በኮከቧ መካከል የነበረው ክፍተት እዚያው ነው፤ ጨረቃ አልደረሰችም፤ ኮከቧ ግን የለችም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያየሁት የለካሁት ሁሉ ውሸት ሆኖ ታየኝ። የእህቴ ፊት መጣብኝ። ከዚያ፣ ጨረቃን ትኩር ብዬ ሳያት፣ ገና አልሞላችም፤ የሚጎድላት በግራዋ በኩል ነው። የጎደለው ደግሞ የትም አልሄደም። እዚያው አለ። ጨረቃ ከሚታየው ብርሃኗ የሰፋ ገላ አላት፣ ጨለማ ገላ፤ ኮከቧን የጋረዳት እሱ ነው። ብራናዬ የለካው የሚታየውን ብቻ ነበር። በየካቲትም ኮከቧ ከብርሃኑ ጥቂት ራቅ ብላ ነበር የዘለለችው፤ ያን ጊዜ ተደንቄ ክፍተቱን ልብ አላልኩትም።

አንድ አባታችን ሆይ የሚደገምበትን ያህል ጊዜ እንዲህ ፈዝዤ አባከንኩ። በሕይወቴ ሁሉ የምጸጸተው በእሱ ነው።

«አጎቴ፣ አሁን ነው! ይነሡ!»

እየተጎነበስን ሮጥን። አንድ ላይ የቀጠልነውን ጠፍር ወረወርኩ፤ በመጀመሪያው ድንጋዩን ተሻግሮ ወረደ። ሁለታችንም ጫፉን በወገባችን ጠምጥመን ተደገፍን። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ፣ ጠፍሩ ቀላል ነው። ማንም የለበትም። ከግንቡ ማዕዘን የዘበኛው ጫማ ሲመለስ ይሰማ ጀመር። አጎቴ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ሦስተኛውን ስተነፍስ ጠፍሩ ወጠረና ወገቤን ሊቆርጠኝ ደረሰ። የአንድ ሰው ክብደት እንደዚያ ሲያስደስተኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። የእህቴ ባል በግንቡ ጫፍ ላይ በሆዱ ተንሸራቶ በላያችን ላይ ወደቀ። ጠፍሩን ሰብስበን ከጥዶቹ ሥር ስንደርስ ዘበኛው ከኋላችን በግንቡ ላይ እያዘገመ አለፈ።

ሸለቆው ውስጥ ትንፋሻችን እስኪመለስ ተቀመጥን። በኋላ የእህቴ ባል በቁጣ አንሾካሾከ።

«የት ነበራችሁ? ኮከቧ እንደጠፋች ሄጄ ብቆም ምንም የለም! የሸናሁ መስዬ ቆምኩ፤ የምሸናው አለቀብኝ!»

«ጋሼ፣ ጨረቃ እኮ ገና አልነካቻትም ነበር» አልኩ። «አንተ እንዴት እርግጠኛ ሆንክ?»

«የምን ጨረቃ? ብርሃኗ ዓይኔን ሲወጋኝ ከጣራው ቆርቆሮ ክፈፍ ሥር ገብቼ ጨረቃን በክፈፉ ጋረድኳት፤ ኮከቧን ብቻ ሳይ ነበር። ኮከብ ስትጠፋ አለችኝ እህትህ። ጠፋች፤ ሄድኩ። ጨረቃን እይ ያለኝ የለም።»

አጎቴ አፉን በጋቢው ጠቅጥቆ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ተማርኩ። ብርሃኑን ጋርዶ ኮከቧን ብቻ ማየት፤ ይህን ዘዴ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ የምጠቀምበት እኔ ነኝ፤ የቀየሰው ግን ገበሬው የእህቴ ባል ነው። ለሌላ ሰው የምሰጠው ምስጋና ይህ ብቻ ነው።

እሱን በበቅሎ አስቀምጠን በጉና ግርጌ፣ በገብሱ ማሳ መካከል ወደ ገሳይ አመራን። ጥሩምባው ከኋላችን ተነፋ። ጥቂት ቆይቶ ጩኸት ሰማን፤ ያን ጊዜ ግን ሁለት ሸለቆ ርቀናል። ከአንዱ ጉብታ ላይ ስንደርስ ወደ ኋላ ዞሬ ጨረቃን ሳይ፣ በቀኝ ዳሯ፣ ከብርሃኑ ላይ፣ አንዲት ነጥብ ተጣብቃ አየሁ። መጀመሪያ ዓይኔ የፈጠራት መሰለኝ። ነጥቧ ቀስ በቀስ ከብርሃኑ ተላቃ ብቻዋን ቆመች።

«ተመልከቱ» አልኩ።

አጎቴ በቅሎዋን አቆመ። ራሱ ላይ የጠመጠመውን ፈትቶ በእጁ ያዘ። የእህቴ ባል ከበቅሎዋ ወረደ። ሦስታችንም በገብሱ መካከል ቆምን። ከበስተኋላችን ሊፈልጉን የተነሡ ሰዎች ነበሩ፤ ቢሆንም ቆምን። ያች ኮከብ ከነበረችበት አልተነቃነቀችም፤ ብርሃኗን መላክ አላቋረጠችም። በእሷና በእኛ መካከል አንድ ትልቅ ነገር አለፈ፤ ጥላውም በምሽጉ፣ በዘበኛው፣ በእስረኛው፣ በጥዶቹ፣ በእኛም ላይ ሳያዳላ ሄደ። የኮከብ ጥላ! ማንም ያላየው ጥላ፣ አገር ምድሩን አልብሶ አለፈ፤ እኛም ከሥሩ ነበርን።

የእህቴ ባል ወደ በቅሎዋ እየተመለሰ «ስትመለስ ምን ላድርግ? እሱን በሕልሙ አልነገራችሁኝም» አለ።

«ወደ ሚስትህ ሂድ» አለው አጎቴ።

ገሳይ ደረስን፤ እህቴ ከአክስታችን ደጃፍ ውጭ ቆማ ነበር፤ እሷም ስታይ አምሽታለች። ባሏን ስታይ አልጮኸችም፤ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። ከዚያ ወዲያ እሱ ወደ ወንድሙ ሄደ፤ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስም አልተያዘም።

ባለፈው ዓመት እዚሁ ደብረ ታቦር የሚያስተምር አንድ ጎረቤቴ፣ በፀሐይ ዙሪያ የሚዞሩ በዓይን የማይታዩ ዓለቶች እንዳሉ ነገረኝ። አንዱ ዓለት በአንዲት ኮከብ ፊት ሲያልፍ ኮከቧ ለጥቂት ቅጽበት ትጠፋለች፤ ጥላውም እንደ ጠባብ መንገድ ምድርን ያቋርጣል። ሐሙሲት የቆመ ሲያይ አንበሳሜ የቆመ ላያይ ይችላል። የተማሩ ሰዎች መንገዱን አስቀድመው ያሰሉና ሰዓት ይዘው በላዩ ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱ ስንት ቅጽበት እንደጠፋችበት አሰባስበው የማይታየውን ዓለት ቅርጽ ይሥላሉ። «ይገርማል፣ አባባ?» አለኝ። አልገረመኝም ለማለት ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ዓለቶቹን አላውቃቸውም። የኮከብ ጥላ ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ፤ ቆሜበታለሁ።

እንግዲህ በዕድሜዬ ያደረግሁትን በአጭሩ ላስፍር፦

የዘመን ቁጥርን ያለ መምህር ተማርኩ።

ጨረቃ በሦስተኛ ዙሯ ወደ ቀድሞ ሰዓቷ እንደምትመለስ ከምሰሶዬ ላይ አነበብኩ።

ጨረቃ ኮከብ ስትሸፍን አሥራ አራት ጊዜ አስቀድሜ ተናገርኩ። አሥራ አንዱን አየሁ፤ ሁለቱን ደመና ከለከለኝ፤ አንዱ የእኔ ስሕተት ነው።

የጨረቃን ጨለማ ገላ በሒሳቤ ውስጥ አስገባሁ፤ ከዚያች ሐሙስ በኋላ አንድም ጊዜ አልረሳሁትም።

ሁለት ዲያቆናትና አንዲት የእህቴን ልጅ አስተማርኩ፤ ከሦስቱ የምትበልጠው ልጅቱ ናት። በዚያው ዓመት ሐምሌ ነው የተወለደችው፤ ስም ያወጣላት አባቷ ነው።

እህቴ በዚያ ክረምት ከል አልለበሰችም።